ተሳስቶ የማያውቀው ፍርድ ቤት

ሰኞ ጠዋት መዝገብ ቤቱ ሲከፈት አንደኛው መስኮት ተሰብሮ፣ ከመደርደሪያዎቹ አንዱ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ክራቸው የተበጠሰ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መዝገቦች ከግድግዳው ጥግ እስከ በሩ ድረስ ፈሰዋል። ኢንስፔክተሯ የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አየች። ከኋላዋ ረዳቷ፣ ባልደረቦቹ «ፉጨት» የሚሉት ኮንስታብል፣ እንደ ልማዱ በጥርሱ መሀል አንድ ዜማ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ዋጠው።

«የተሰበረው መስታወት የት ሄደ?» አለች።

የፍርድ ቤቱ ዘበኛ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። «ጠረግሁት።»

«ፖሊስ ሳይመጣ?»

«ሰው ይቆረጣል፣ ጥረግ ተባልኩ። ይኸው ለሰው ሲባል እኔው ተቆረጥኩ።»

«ማን ነው ጥረግ ያለህ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ከበስተጀርባ ዋና ሬጅስትራሩ። ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ያበጠሩ፣ ሸሚዛቸው መጨማደድ የማያውቅ ሰው ናቸው። «ባለጉዳይ በባዶ እግሩ ጭምር ይመጣል፣ ኢንስፔክተር። ደም እንዲፈስ አልፈለግሁም።»

«መስታወቱ ወደ ውስጥ ይውደቅ ወደ ውጭ ማየት ነበረብኝ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ የወረቀት ሰዎች ነን፤ የወንጀል ነገር አናውቅም።»

የወንጀል መዝገብ ውስጥ ሲኖር ያረጀ ሰው የወንጀል ነገር አላውቅም ሲላት ምን ትበል?

ሬጅስትራሩ ቢሮ ገብተው ሲቀመጡ ፉጨት ዓይኑን ከመስታወት ቁም ሣጥኑ ላይ መንቀል አቃተው። ሦስት የሚያብረቀርቁ ዋንጫዎች ተደርድረዋል።

«ኳስ ተጫዋች ነበሩ እንዴ?» አላቸው።

ሰውየው ሳቁ። «ሠራተኛው ‹አባ ዋንጫ› ይለኛል አሉ፤ ከኋላዬ ነው፣ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። የሥራ አፈጻጸም ዋንጫዎች ናቸው። ከፍርድ ቤቶች ሁሉ አንደኛ ነን። ውዝፍ መዝገብ የሚባል ነገር እዚህ የለም። ዓርብ አራተኛውን እንቀበላለን፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። እና ነገሩ ቶሎ ቢያልቅልን…»

«የጠፋው ምንድን ነው?»

«አንድ መዝገብ ብቻ። የበያጁ።»

ጉዳዩን እንደ ቃል ጥናት አወረዱት። አንድ ወጣት በያጅ መጋዘን አቃጥሏል፣ በእሳቱም መጋዘኑ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ዘበኛ ሞቷል ተብሎ ተፈርዶበታል። እሱ ግን በዚያ ምሽት የአንድ ልብስ ሰፊ የብረት በር ስበይድ ነበርኩ ባይ ነው። ልብስ ሰፊው በምስክርነቱ ቀን ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር ሳይሰሙ ቀሩ፤ ዳኛው አልጠብቅም ብለው ወሰኑ። በያጁ ይግባኝ አለ። የበላዩ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ፣ ሽማግሌው ተሰምተው እንደገና ይወሰን ብሎ መዝገቡን መለሰ።

«መቼ ነው የመለሰው?»

«ባለፈው ሐሙስ ነው የደረሰን። ከይግባኝ የሚመለሱት ሁሉ የሚቀመጡት ያ የወደቀው መደርደሪያ ላይ ነው። ቀጠሮ ልንሰጠው ስንል ይኸው ሌባ ቀደመን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሟቹ ወንድም እዚህ ኮሪደር ላይ ‹ያ ፋይል በተቃጠለ› እያለ ሲጮህ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። እኔ በሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። የሰማሁትን ነው የምነግርዎ።»

ሲወጡ ፉጨት በጆሮዋ አጠገብ «ጣቱን አልቀሰረም፤ በክርኑ ነው የጠቆመን» አላት።

*

ኮሪደሩ ላይ፣ ባለጉዳዮች በተደረደሩበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣ አንዲት አሮጊት ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የበያጁ እናት ናቸው። መዝገቡ ተሰረቀ መባሉን ከፖሊስ ቀድመው ሰምተዋል።

«እማማ፣ መዝገቡ ከላይ የተመለሰው መቼ ነው?» አለቻቸው አጠገባቸው ተቀምጣ።

«የፈረዱልኝ አምና ነው፣ ልጄ፤ ክረምት ሊገባ ሲል። ይኸው ሌላ ክረምት መጣ። እዚህ ስመጣ ‹አልደረሰንም፣ ላይ ጠይቂ› ይሉኛል። ላይ ስሄድ ‹ልከናል፣ ታች ጠይቂ›። እኔንማ መንገዱ ለምዶኛል። ታክሲው ሁሉ ‹እማማ፣ ዛሬ ላይ ነው ታች?› ይለኛል።»

«ሐሙስ ደረሰን ነው የሚሉት።»

«ሐሙስ?» አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ። «ዓርብ እኮ እዚህ ነበርኩ። ያችው የመዝገብ ቤት ልጅ አልደረሰንም አለችኝ። አቤቱታ ሰሚ ቢሮ ገብቼ አልቅሼ፣ እነሱም ለዚህ ቤት ደብዳቤ ጽፈው፣ መልስ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ያዘች። ለደብዳቤው መልስ ሳይሰጥ መዝገቡ ተሰረቀ።

«ልብስ ሰፊውስ እንዴት ናቸው?»

«ኩላሊቱ ነው። ከአልጋ አይነሳም። ትናንት ሄጄ ነበር። ‹እህቴ፣ እኔ ሳልናገር ብሄድ ልጁን ማን ያወጣዋል?› ይለኛል። ሊሞት ያለ ሰው እኔን ያጽናናኛል!» እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። «ሌባውን አግኚልኝ። እኔ እስር ቤት ይግባ አልልም። ፋይሉን ይመልስልኝ፣ በእግዜር ስም፤ ይቅር ብየዋለሁ።»

*

የሟቹ ወንድም የሚሠራው ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄት ከቅንድቡ እስከ ጫማው አልብሶታል። የሞተሩ ድምፅ ስለማያነጋግር ከሚፈጨው እህል በላይ እየተጯጯሁ ነበር የሚያወሩት።

«‹በተቃጠለ› ብለሃል!»

«ብያለሁ! የወንድሜ ሬሳ ፎቶ ያለበት ፋይል ነው። ብትሆኚ አንቺስ አትይም?»

«እሁድ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ! የሰኞ ገበያን የምንፈጨው እሁድ ማታ ነው። እሷን ጠይቂያት!»

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ክንዷ የወንድ ያህል የሆነ ሴት፣ ከሚዛኑ ኋላ ራሷን ብቅ አደረገች። «እስኪነጋ እዚህ ነበር። ሲያንጎላጅ ባዶ ጆንያ ወርውሬበታለሁ። ካላመንሽ እነዚያን ሠራተኞች ጠይቂ፤ ሲስቁበት ነው ያነጋው።»

ፉጨት ጠየቀ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም አንድ ነገር ተናገሩ። ሰውየው ሞተሩን አጠፋ። ድንገት የሰፈነው ጸጥታ ጆሮ ይበሳል።

«እንበል ፈለግሁ» አለ። «በየት አገኘዋለሁ? እዚያ ቤት ሰው በስሙ አይጠራም፣ በቁጥር ነው። ቁጥሩን ቢሰጡኝ እንኳ ያን ሁሉ የወረቀት ጫካ በጨለማ ልፈልግ?» ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ዱቄቱ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። «ደግሞ ልንገርሽ። ላይኛው ፍርድ ቤት ‹እንደገና ይታይ› ማለቱን ከአንቺ ነው የምሰማው። እኔ በሄድኩ ቁጥር ‹መዝገቡ ተዘግቷል፣ እርምህን አውጣ› ነው የሚሉኝ። ልጁ ካልሆነ፣ ያልሆነ ሰው ማሰሩ ለወንድሜ ምን ያደርግለታል? ያቃጠለው ሰውዬ ከእኔ ጋር አንድ ታክሲ ይሳፈራል ማለት እኮ ነው!»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ፉጨት አላፏጨም።

«እሱ አይደለም» አለ።

«አይደለም። ቁጥሩን የሚያውቅ ሰው ነው።»

*

ኢንስፔክተሯ ለበላዩ ፍርድ ቤት ደወለች። የመላኪያ ክፍሉ ሰው ትሑት ግን የማይረባ መልስ ሰጣት። መዝገቡ አምና ክረምት ሳይገባ ወጥቷል። ግን ብቻውን አይደለም የወጣው፤ ከሌሎች ጋር በጆንያ ታሽጎ ነው። የሥር ፍርድ ቤቱ የሚፈርመው ለጆንያው እንጂ በውስጡ ላለው ለእያንዳንዱ አይደለም።

«ታዲያ አንዱ ቢጎድል በምን ይታወቃል?»

«ጎድሎ አያውቅም።»

«ጎድሎ አለማወቁን በምን አወቃችሁ?»

በመስመሩ ላይ ወረቀት ሲገለበጥ ተሰማ፤ ከዚያ ሰውየው ሻይ ሰዓት ደርሷል አለ።

ማክሰኞ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመለሰች። የወደቀውን መደርደሪያ አስነሣችና፣ ከይግባኝ የተመለሱ መዝገቦችን የምትቀበለውን ወጣት ሠራተኛ አስጠራች። ቀጭን፣ ጥፍሯን እስከ ሥጋው የበላች ልጅ ናት።

«ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሱልኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ቅዳሜ እንደነበረው አድርጋችሁ።»

«ለምን?» አለ ፉጨት ሸክሙን በዓይኑ እየለካ።

«ማየት እፈልጋለሁ።»

ሠራተኛዋ ቁጥር እየጠራች፣ ፉጨት እያቀበለ፣ ደረደሩ። የበላዩ ፍርድ ቤት የሚመልሰው እያንዳንዱ መዝገብ በሰማያዊ ክር የታሰረ ነው፤ ውሳኔው ከላይ ይሰፋበታል። መደርደር ሲጨርሱ ኢንስፔክተሯ መጣች።

«የበያጁ የት ነበር የተቀመጠው?»

ሠራተኛዋ በሁለት ቁጥሮች መሀል ጠቆመች። «እዚህ።»

«ምን ያህል ነበር ውፍረቱ?»

«ወፍራም ነው። የዶክተር ማስረጃ አለው፣ የእሳት አደጋ ሪፖርት አለው፣ ፎቶ አለው… ክንድ ያህላል።»

ፉጨት በሁለቱ መዝገቦች መሀል እጁን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልሆነም። በጎን ገፋ፤ መደርደሪያው ከዳር እስከ ዳር ጢም ብሎ ሞልቷል።

«አለቃ፣ እንኳን ክንድ የሚያህል መዝገብ ጣቴም አልገባ አለ።»

ሠራተኛዋ ፊቷ ዐመድ መሰለ። ኢንስፔክተሯ ግን አልተቆጣቻትም። ሌላ ነገር ዓይኗን ስቦታል። አንዱን መዝገብ አወጣች፤ ከላይ የተሰፋውን ውሳኔ የመጨረሻ መስመር አነበበች። «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸንቷል።» መለሰችው። ሌላ አወጣች፤ ጸንቷል። ከታችኛው ረድፍ፤ ጸንቷል። ከመጨረሻው፤ ጸንቷል። ፉጨትም ከሌላው ጫፍ ጀመረ። ሁለቱ እስኪገናኙ ድረስ ከዚያ ቃል በቀር ሌላ አላገኙም።

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን መዝገብ ይዛ ቆማ ቀረች።

«እኅቴ» አለች ወደ ሠራተኛዋ ዞራ፣ «ይኼ ፍርድ ቤት ተሳስቶ አያውቅም?»

ልጅቷ ጥፍሯን ወደ አፏ ወሰደች።

«የተሻረበት ፍርድ የለም? ‹ይስተካከል›፣ ‹እንደገና ይታይ› የተባለ አንድ መዝገብ እንኳ? ይግባኝ ያለ ሰው ሁሉ ተሸንፎ ነው የተመለሰው? ያንን መደርደሪያ የጣለው ሰው ‹ከይግባኝ የተመለሱ› ሲል የጣለው እነዚህን ብቻ ነው። የተሻሩትን ረስቷቸው አይደለም፤ እንደ ተመለሱ መቁጠር ከተወ ቆይቷል። የት ናቸው?»

ሠራተኛዋ ግድግዳውን ተደግፋ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ብቻ አይደለሁም የማውቀው» አለች። «ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም የሚያውቀውን ለእኔ ንገሪኝ።»

«የጸናው ቀላል ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይተኛል፣ አለቀ። የተሻረው ግን መንቃት አለበት። ሲነቃ ደግሞ አዲስ ቁጥር አይሰጠውም፤ በድሮ ቁጥሩ ነው የሚነቃው። በድሮ ቁጥር የተከፈተ መዝገብ በነቃበት ቀን ውዝፍ ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ውዝፍ የዓመቱን ነጥብ ያወርዳል። ስለዚህ… ዓመቱ እስኪዘጋ ይቆዩ ተባለ።»

«ዓመቱ ሲዘጋስ?»

«ሌላ ዓመት ይጀምራላ» አለች ልጅቷ፤ ይህን ስትል ራሷም የሰማችው ያን ጊዜ መሰለች። ጉልበቷን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። «እማማ በመጡ ቁጥር ዓይናቸውን ማየት ያቅተኛል። ‹አልደረሰንም› በይ ነው የሚሉኝ። ክፍሉን ‹እንግዳ ማረፊያ› ብለን ስም አወጣንለት። ለቀልድ ነበር።»

«አሳዪኝ።»

*

ከችሎቱ ጀርባ ዳኞች ካባቸውን የሚሰቅሉበት ጠባብ ክፍል አለ። ግማሹ ያረጁ ካባዎች የሚጣሉበት ነው፤ የናፍታሊን ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ቁልፉ ያለው ዋና ሬጅስትራሩ ዘንድ ብቻ ስለነበር ተጠርተው መጡ። የኢንስፔክተሯን ፊት፣ ከዚያም የሠራተኛዋን ያበጠ ዓይን አዩ። ክርክር አላበዙም፤ ከፈቱ።

ፉጨት የተሰቀሉትን ጥቁር ካባዎች ወደ ጎን ሰበሰባቸው። ከኋላቸው፣ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ፣ በሰማያዊ ክር የታሰሩ መዝገቦች ተቆልለዋል። ከሁሉ በላይ ያለው ወፍራሙ፣ አቧራ ያልነካው፣ የበያጁ ነው።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ከሥሩ ያሉትን አንድ በአንድ አነሣች። ባሏ ሲሞት ከቤቷ የተባረረች ሴት፤ «ቤቱ ይመለስላት»። ከሥራ የተባረረ የማሽን ሠራተኛ፤ «ወደ ሥራው ይመለስ»። ከዚያ ሥር አንድ ቀጭን መዝገብ፤ «ሕፃኑን እናቱ ታሳድግ»።

«ይኼ ሕፃን አሁን ስንት ዓመት ሆነው?» አለች ቀና ሳትል።

ሬጅስትራሩ ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ጠየቅሁ እኮ! ስንት ዓመት ሆነው? መናገር ጀመረ? እናቱን ያውቃታል?»

«ኢንስፔክተር፣ ስሜታዊ አንሁን» አሉ ሬጅስትራሩ። «እኔ ከማንም ሰባራ ሳንቲም አልነካሁም። ከነዚህ ሰዎች አንዱንም አላውቀውም፣ አልጠላውም። ሊጣራ የሚችል ነገር ነው።»

«አለመጥላትዎ ነው የባሰው» አለች ተነሥታ። «የሚጠላ ሰው ቢሆን ቢያንስ ስማቸውን ያውቅ ነበር። መስኮቱን ማን ሰበረው?»

ሰውየው ሠራተኛዋን አዩ፤ ከዚያ የራሳቸውን ጫማ።

«እኔው ነኝ። የአቤቱታ ሰሚው ደብዳቤ ሲመጣ ጨነቀኝ» አሉ በመጨረሻ። «‹አምና ደርሶን ነበር› ብል ሌላው ሁሉ ይመዘዛል። ዋንጫው ዓርብ ነው። ከዓርብ በኋላ ‹ተገኘ› ልል ነበር፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር።»

«የሟቹንስ ወንድም? እሱንም ለጥቂት ቀን ብቻ ነበር የሚያሳስሩት?»

ከዚህ በኋላ ኢንስፔክተሯ በልቧ «አንቱ» ማለቱን ተወችው። ሰውየው ግን ብዙም ሳይቆይ ራሱን ሰብስቦ፣ የሸሚዙን እጅጌ አስተካክሎ፣ ያንኑ የለሰለሰ ድምፁን አመጣ።

«እንግዲህ የያዙኝ እጅ ከፍንጅ ነው። መዝገቡም ኤግዚቢት ነው ማለት ነው። ያሽጉትና ይውሰዱት። እኔ ላይ ክስ ይመሠረታል፤ ምስክር ይሰማል፤ እኔም ይግባኝ እላለሁ፤ መብቴ ነው። ኤግዚቢት ደግሞ ይግባኙ እስኪያልቅ አይነካም፤ ይህን እኔ ነኝ ላስተምርዎ የምችለው። እስከዚያ ድረስ…» እጁን ዘረጋ፣ «ልጁም አብሮ ይጠብቃል። ልብስ ሰፊውም ከቻለ።»

ፉጨት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ኢንስፔክተሯ በእጇ አቆመችው። ሰውየው እንደዛተ አይደለም የተናገረው፤ የሥራውን ሕግ ነው ያስረዳት፤ እውነቱንም ነው። ያ ነው ያንገበገባት።

ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለአዛዥዋ ደወለች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? አሽጊው!» አላት። «መዝገቡ ከእጃችን ከወጣ ዐቃቤ ሕግ ክሱን ያፈርሰዋል።»

«ካሸግሁት ሽማግሌው ሳይሰሙ ይሞታሉ።»

«ኮፒ አድርጊው።»

«ዳኛ በኮፒ አይፈርድም። ዋናው ካልቀረበ መዝገቡ አይነቃም።»

«ታዲያ የእኛ ሥራ ወንጀለኛ መያዝ ነው ወይስ መዝገብ ማንቃት?»

ከአግዳሚው ጫፍ እናትየው ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመው ያዩዋታል። መዝገቡ መገኘቱን ገና አልሰሙም። ከፊቷ ግን አንድ ነገር ሳያነብቡ አልቀሩም፤ ወደ እሷ አንድ ሁለት ጊዜ ተራምደው መልሰው ቆሙ፤ ለማወቅም የፈሩ ይመስላሉ።

«ሰውየው ወንጀል የሠራው እኮ መዝገቡን በመያዝ ነው» አለች በስልኩ። «እኔም ከያዝኩት ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው?»

«ከለቀቅሽው ክሱን በገዛ እጅሽ ገደልሽው።»

«አውቃለሁ፣ ጌታዬ» አለችና ዘጋች።

ፉጨት ክፍሉንና ክምሩን በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ሠራተኛዋ ቃሏን ሰጥታ ፈረመች። ከዚያ ኢንስፔክተሯ አንድ ጠረጴዛ ከመዝገብ ቤት አስወጥታ ኮሪደሩ መሀል፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ፊት፣ አስቀመጠች። ሠራተኛዋን አስቀመጠቻት።

«ሁሉንም አሁን ታነቂያቸዋለሽ። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ትሰጪያለሽ። ቁጥር አትጥሪ፤ ስም ጥሪ።»

መዝገቦቹን ከካባ ክፍሉ ያመላለሰው ራሱ አባ ዋንጫ ነው፤ ፉጨት ሸክም አልችልም፣ ወገቤን ያመኛል ብሎ ስላስቸገረ። ሠራተኛዋ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ እየቆየች ግን ድምፅ እያወጣች ጠራች። አግዳሚው ላይ ከነበሩት መሀል አንዲት ሴት የራሷን ስም ሰምታ «እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች፤ ለሌላ ጉዳይ ነበር የመጣችው። የበያጁ ስም ሲጠራ እናቱ አልጮኹም። ጃንጥላው ከእጃቸው ወደቀ፤ ጎንበስ ብለው ሊያነሡት ሞከሩና እዚያው እንደጎነበሱ ቀሩ።

*

በፊተኛው ዳኛ ምትክ መዝገቡ የደረሳት አዲሲቷ ዳኛ፣ ምስክሩ መምጣት ካልቻሉ እኔ እሄዳለሁ አለች፤ በዚያው ሳምንት ልብስ ሰፊው ቤት አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ግን ጥርት አድርገው ተናገሩ። ያን ምሽት ያልረሱት በቂም ነው፤ የብየዳው ፍንጣሪ ሰፍተው የጨረሱትን የሙሽራ ኮት ትከሻው ላይ በስቶባቸው ነበር። ልጁን ሰድበውታል፤ እሱም እየሳቀ እጅ ነሥቶ፣ እስከ እኩለ ሌሊት በሩን ሲበይድ አምሽቷል። ሙሽራውም ቀዳዳ ኮት ለብሶ ማግባቱን ተጠርቶ መሰከረ። ልብስ ሰፊው ፍርዱን ሳይሰሙ ሞቱ። በያጁ ተፈታ።

ዐቃቤ ሕጉ ኢንስፔክተሯን ቢሮው ጠራት። ያቀረበችውን የምርመራ መዝገብ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ሰነድ ማጥፋት ብለሽ ከሰሻል። የጠፋው ሰነድ የቱ ነው?»

«ተገኝቷል።»

«ተገኝቷል፤ ቀጠሮ ተሰጥቶታል፤ ውሳኔ አግኝቷል። ሌሎቹም በሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ የጠፋ የለም። ፎቶው ክፍል ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነው የሚያሳየው፤ መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሠራተኛዋ ደግሞ ‹ተደናግጬ ነው የፈረምኩት› ብላ ቃሏን ለውጣለች።»

«መስኮቱስ? የሐሰት ጥቆማውስ?»

«የመስኮቱን ዋጋ ከፍሏል። ይዘጋ ብያለሁ።»

«ሰውየውስ?»

ዐቃቤ ሕጉ ትንሽ አፈረ መሰል ወረቀቱን አስተካከለ። «ተዛውሯል። ራቅ ወዳለ ፍርድ ቤት… የውዝፍ አሠራር ልምዱን እንዲያካፍል።»

ኢንስፔክተሯ ወጣች። ደረጃው ሥር የበያጁ እናትና ልጃቸው ቆመው አገኘቻቸው፤ ሊያመሰግኑ ፈልገው ጣቢያ ሄደው፣ እዚህ ናት ተብለው የመጡ ናቸው። በያጁ ዓይኑን ከፀሐይ ለመከለል እጁን ግንባሩ ላይ አድርጓል። እጁን አውርዶ ሁለቱንም እጆቿን ያዘ።

«ሌባው ተቀጣ እንዴ?» አሉ እናቱ።

«አልተቀጣም፣ እማማ።»

አሮጊቷ የልጃቸውን ክንድ ያዙ። «ይሁን። እኔ ይቅር ብየዋለሁ፤ ልጄን አግኝቻለሁ።»

«እርስዎ ይበሉ፣ እማማ፤ እርስዎ ያምርብዎታል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔ አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ለበላዩ ዐቃቤ ሕግ የሚቀርብ ቅሬታ ጻፈች፤ ይዘጋ የተባለው ምርመራዋ እንደገና ይታይ የሚል። ፉጨት ጽሑፉን አጥፎ የጣቢያው የመላኪያ ጆንያ ውስጥ ሊከት ሲል ቀማችው።

«በጆንያ አይሄድም» አለች ኮቷን እየለበሰች። «መኪናውን አስነሣ። እጃቸው ላይ አስቀምጬላቸው፣ ሲከፍቱት አይቼ ነው የምመለሰው።»